አንቲቦዲው ነው ወይስ እኛ ነን?

ከፕሮቲን ጋር ውሎ የሚያድር የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ አንዲት ጥያቄ ታሰቃየዋለች። ጄሉ ተሠርቷል፤ ናሙናው ተጭኖ በኤሌክትሪክ ተነድቷል፤ ፕሮቲኑ ወደ ሜምብሬኑ ተሻግሯል፤ ሜምብሬኑ ወተት ውስጥ ተነክሮ፣ አንቲቦዲ ፈሶበት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሲወዛወዝ አድሯል። በማግስቱ ፎቶ ሲነሳ ባዶ ይወጣል። ወይም ከዚያ የባሰው ይመጣል፤ አንድ መስመር ብቻ መታየት በነበረበት ስድስትና ሰባት መስመር ተደርድሮ ይገኛል። ያን ጊዜ ጥያቄዋ ትነሳለች፦ አንቲቦዲው ነው ወይስ እኛ ነን?

መልሱን የሚያውቅ የለም። ድካሙ እዚህ ላይ ነው። ሥራ ሲበላሽ ሰው ጥፋቱን ፈልጎ ያርማል። ጥፋቱ ከእጃችን ይሁን ከጠርሙሱ፣ ከመንገዱ ይሁን ከመብራቱ መለየት ሲያቅት ግን የሚታረም ነገር አይገኝም፤ ያለው ምርጫ መድገም ብቻ ነው። ተማሪው ይደግማል፤ አማካሪው "እስቲ አንድ ጊዜ ሞክረው" ይላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያልቃል፤ ጥያቄዋ ሳትመለስ ትቀራለች።

ከላቦራቶሪ ውጭ ላለ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ተመራማሪ ይህን ችሎታ ለራሱ ሥራ ይጠቀምበታል። ማጥናት የሚፈልገውን ፕሮቲን ወይም የፕሮቲኑን ቁራጭ ጥንቸል ይወጋል፤ ጥንቸሏ የሠራችው አንቲቦዲ ከደሟ ተጣርቶ ይወጣና ያንኑ ፕሮቲን ለመፈለጊያ ያገለግላል። የሰው ዘረመል ወደ 20,000 የሚጠጉ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች አሉት። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱን ብቻ ያዝ፣ ሌላውን አትንካ ነው የምንለው። በካንሰር፣ በቲቢ፣ በወባ፣ በመርሳት በሽታ ላይ ከሚደረገው ምርምር ትልቁ ክፍል ይህን አምኖ የሚሠራ ነው። አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን ቢይዝ የሚጮህ መሣሪያ የለም፤ ቀለሙም አይለወጥም። መስመሩ አምሮ ይወጣል፤ የወጣው ግን የሌላ ፕሮቲን መስመር ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ የተትረፈረፈባቸው ላቦራቶሪዎችም ተቃጥለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የየል ዩኒቨርሲቲው የፓቶሎጂ ሐኪም ዴቪድ ሪም ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር ሕክምና ለመምራት የሚያስችል ተስፋ የተጣለበት ምርመራ በእጁ ነበር። ምርመራው የተመሠረተው በአንቲቦዲ ላይ ነበር። ያው አንቲቦዲ እንደገና ከገበያ ሲታዘዝ የመጣው እንደ ቀድሞው አልሠራም፤ የመጀመሪያው ውጤት ሊደገም አልቻለም። ቶሮንቶ ውስጥ ደግሞ ኤሌፍቴሪዮስ ዲያማንዲስና ባልደረባው ዮአኒስ ፕራሳስ ሲዩዜድዲ1 የተባለ ፕሮቲን የቆሽት ካንሰርን አስቀድሞ ይጠቁማል ብለው ከገበያ በተገዛ ኪት ሲለኩ ከረሙ። ኪቱ ሲለካ የኖረው ግን ሲኤ125 የተባለውን፣ ከኦቫሪ ካንሰር ጋር በተያያዘ ድሮም የሚታወቀውን ሌላ ፕሮቲን ነበር። ሁለት ዓመት፣ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር፣ በሺዎች የሚቆጠር የታካሚ ናሙና በዚህ አለቀ። እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ናሙናው ነው። ታምሞ፣ ፈርቶ፣ "ለሌላው ይጠቅማል" ተብሎ ክንዱን የሰጠ ሰው ደም ነው። ያንን ደም አንድ ጊዜ ካፈሰሱት በኋላ እንደ ጨው ሄደው የሚገዙት ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። የቀይ ደም ሴል ማምረቻ ሆርሞን የሆነው ኤሪትሮፖይቲን የሚያርፍበትን ተቀባይ ፕሮቲን ለመፈለግ በብዛት ይሠራባቸው የነበሩ አንቲቦዲዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ሲፈተሹ ለዚያ ፕሮቲን የተለዩ ሆነው አልተገኙም፤ አንደኛው በጣም የታወቀው ሲይዝ የኖረው ሴል ሲጨነቅ የሚበዛውን ኤችኤስፒ70 ነበር። በዚያ አንቲቦዲ ላይ ተመሥርቶ "ይህ ካንሰር ተቀባዩ አለው፣ ስለዚህ በመድኃኒትነት የሚሰጠው ኤሪትሮፖይቲን እብጠቱን ሊያሳድገው ይችላል" ሲባል የነበረው ክርክር የታካሚ ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች ኢስትሮጅን ተቀባይ ቤታን ለመፈለግ የሚያገለግሉ 13 አንቲቦዲዎችን ፈትሸው የታመነ ሆኖ ያገኙት አንዱን ብቻ ነው። ከ13 አንድ! በቀሩት 12 ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎ ይሆን እያልኩ ሳስብ ልቤ ይደክማል።

ሞንትሪያል በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ጥናት ተቋም መሠረቱን ያደረገ፣ ኢካረስ ተብሎ የሚጠራ ቡድን ይህን ጣጣ በግልጽ ሊቆጥረው ተነሳ። አሠራሩ ቀላልና ጥብቅ ነው፤ የሚፈለገውን ፕሮቲን የሚሠራ ሴል አንድ ወገን፣ የዚያ ፕሮቲን ጂን ተቆርጦ የወጣለት ሴል ሌላ ወገን ተደርጎ አንቲቦዲው በሁለቱም ላይ ይሞከራል። ፕሮቲኑ በሌለበት ሴል ላይም መስመር ካወጣ ዋሽቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሥራ ለ65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን በዚህ መንገድ ፈተሹ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ወደቁ። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ ወደ 12 የሚጠጉ የታተሙ ጽሑፎች ዒላማውን በማያውቅ አንቲቦዲ የተሠራ መረጃ ይዘው ተገኙ። ይህን ቁጥር ያነበበ ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚያነበውን ጽሑፍ እንዴት ይመን?

ነገሩ የተሰወረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሩ ብራድበሪና አንድሪያስ ፕሉክቱን ከመቶ በላይ ባልደረቦቻቸው ስማቸውን አኑረውበት ኔቸር መጽሔት ላይ ጽፈዋል። በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ 350 ሚሊዮን ዶላር በማይሠራ አንቲቦዲ እንደሚባክን ገምተው፣ እያንዳንዱ አንቲቦዲ የራሱ ቅደም ተከተል ታውቆ ከዲኤንኤው እንዲመረት ጠይቀዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። አንዳንድ ነገር ተሻሽሏል፤ የሞንትሪያሉ ውጤት ሲወጣ አምራቾች ከወደቁት ውስጥ አንድ አምስተኛውን ያህል ከገበያ አንስተዋል፣ የሌሎቹንም መግለጫ አርመዋል። ለዚህ ይመስገኑ። ግን የተፈተሸው ለ65 ፕሮቲን ነው። የቀረውስ?

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያሰለቸው የምርት ቁጥሩ ጉዳይ ነው። ያንኑ ስም፣ ያንኑ የካታሎግ ቁጥር አዝዘን፣ ያው ማሸጊያ ይመጣና ውስጡ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከጥንቸል ደም የሚገኘው ፖሊክሎናል አንቲቦዲ የብዙ ዓይነት አንቲቦዲ ድብልቅ ነው። አንዲት ባለሙያ ያንኑ ጌሾ፣ ያንኑ ብቅል ብትጠቀምም የአንዱ ጋን ጠላ ከሌላው ጋን እንደሚለይ ሁሉ፣ ያችው ጥንቸል እንኳ በተለያየ ወር የምትሰጠው ደም አንድ አይሆንም። ጥንቸሏ ስትሞት ደግሞ ያ አንቲቦዲ አብሮ ይሞታል። ኩባንያው ሌላ ጥንቸል ወግቶ፣ ያንኑ ቁጥር ለጥፎ መሸጡን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንቲቦዲ አምራቹ ሳንታ ክሩዝ ባዮቴክኖሎጂ በፍየሎቹና በጥንቸሎቹ አያያዝ ቀርቦበት የነበረውን ክስ ከአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር በስምምነት ሲዘጋ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የእንስሳት ፈቃዱን አጥቷል። እንስሳቱ ከዚያ ሥቃይ ከዳኑ እሰየው። ግን አንድ ሙሉ የምርምር መስመር በአንድ ፍየል ደም ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩን ያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው ያስተዋለው።

"ሞኖክሎናል ግዙ፣ ትድናላችሁ" ይሉናል። ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ካምብሪጅ ላይ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርት የማይሞት ሴል ሲፈጥሩ በእርግጥም ዓለምን ጠቅመዋል፤ በ1984 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ይገባቸው ነበር። ሆኖም ያ ሴልም ሕይወት ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት 185 እንዲህ ያሉ ሴሎች ሲመረመሩ ሲሶ ያህሉ ከዋናው አንቲቦዲ በተጨማሪ ሌላ ሰንሰለት ሲያመርቱ ተገኝተዋል። አንድ ብቻ ነው ተብሎ የተሸጠልን ነገር አንድ አልነበረም ማለት ነው።

ከአንቲቦዲው ጎን ያሉት ኬሚካሎችም የየራሳቸው አበሳ አላቸው። አንቲቦዲው እንዳይበላሽ ሶዲየም አዛይድ ይጨመርበታል፤ አዛይድ ደግሞ ብርሃኑን የሚያወጣልንን ኤችአርፒ የተባለውን ኢንዛይም ያፍነዋል። ሜምብሬኑን የምንሸፍንበት የዱቄት ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ፎስፌት የተጣበቀበትን ፕሮቲን ብቻ ለሚፈልግ አንቲቦዲ ወተት ጠላት ነው። ትሪስ በፈር በአንድ ዲግሪ ሙቀት ለውጥ ፒኤቹ በ0.03 ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ጠረጴዛ ላይ አስተካክለነው ቀዝቃዛ ክፍል ስናስገባው ሌላ በፈር ይሆናል። ዲቲቲ አየር ሲነካው ይደክማል። ፕሮቲን የሚበሉ ኢንዛይሞችን የሚያቆመው ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ከገባ ዕድሜው ጥቂት ሰዓት ነው። አሞኒየም ፐርሰልፌት እርጥበት ከጠጣ ጄሉ አይጨብጥም። እነዚህን ሁሉ አንድ ጎበዝ ቴክኒሻን ያውቃቸዋል። የሚያሳዝነው ሁሉም በአንድ ላይ ሲሆኑ፣ ባዶ የወጣ ሜምብሬን ከእነዚህ የትኛው እንዳጠፋው የማይናገር መሆኑ ነው።

ታትሞ የወጣ ጽሑፍ አንብበን እንከተል ስንልም መንገድ የለም። "የአሠራር ዘዴ" የሚለውን ክፍል ስንከፍት የኩባንያው ስምና ከተማ ተጽፎ እናገኛለን። የካታሎግ ቁጥር የለም፤ የምርት ቁጥር የለም፤ ስንት እጥፍ እንደቀጠኑት የለም። ኩባንያው ለዚያ ፕሮቲን አሥር ዓይነት አንቲቦዲ ይሸጥ ይሆናል። ጸሐፊው የትኛውን ነው የተጠቀመው? እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አንቲቦዲ የማይለወጥ መለያ ቁጥር የሚሰጥ አሠራር ተዘርግቷል፤ አንድ መስመር መጨመር ነው የሚጠይቀው። ያቺን አንድ መስመር ለመጻፍ የሚሰስት ደራሲ የሌላውን ሰው ዓመት እንደሚበላ ቢያስብ ምናለ? አርታኢዎቹስ ለኮማና ለነጥብ የሚጨነቁትን ያህል ለዚህ ቢጨነቁ? ደራሲው ዘንድ ደብዳቤ ስንልክ ሥራውን የሠራው ተማሪ ተመርቆ ሄዷል፤ ደብተሩም የት እንዳለ አይታወቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ ልምጣ። አንድ መቶ ማይክሮሊትር አንቲቦዲ ሁለት ጠብታ ያህል ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ተሻገረ። የምርምር በጀቱ ግን በብር የተጻፈ፣ አስቀድሞ የጸደቀ ነበር። ሦስት አንቲቦዲ የያዘ ዕቅድ ወደ አንድ ወረደ። ያቺን ሁለት ጠብታ የአንድ ሌክቸረር የወር ደመወዝ አይገዛትም።

ዋጋው የሚያመጣው መዘዝ ገንዘቡ ላይ አያበቃም። ሀብታም ላቦራቶሪ አንቲቦዲውን ሲጠረጥር ከሌላ ኩባንያ ሁለተኛ ያዛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል። ጂኑ የተቆረጠለት ሴልም ያስመጣል። እኛ ያለን አንድ ነው። አንድ ብቻ ያለው ሰው የሚያነጻጽርበት የለውም። ጂን የተቆረጠለት ሴል ከአንቲቦዲው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ሲመጣ ድራይ አይስ ውስጥ ሆኖ መምጣት አለበት፣ ከመጣም በኋላ ፈሳሽ ናይትሮጅን በየጊዜው የሚሞላለት ይፈልጋል። መጠራጠር ገንዘብ ይጠይቃል። እኛ ለመጠራጠር አቅም አጥተን፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አምነን እንድንሠራ ተገደናል። ከዚያ ጽሑፉን ስንልክ ገምጋሚው "አንቲቦዲው መፈተሹን አሳዩ" ብሎ ይመልሰዋል። ገምጋሚው ልክ ነው፤ እኛም አቅም የለንም።

መንገዱም አለ። ማሸጊያው ላይ "ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ" ይላል። ሳጥኑ አርብ ማታ ይገባል፤ ፈቃዱና የወረቀቱ ማጣራት ሰኞ ይጀመራል፤ መካከሉ ላይ በዓል ከወደቀ ደግሞ ይረዝማል። ሲደርሰን የበረዶ ጥቅሎቹ ውሃ ሆነዋል፤ ለብ ብለዋል። አንቲቦዲ ጠንካራ ነው፣ ጥቂት ቀን ሙቀት ላይገድለው ይችላል፤ ኢንዛይሙና ኪቱ ግን እንዲህ አይደሉም። ሞተ እንዳንል አናውቅም፤ ዳነ እንዳንልም አናውቅም። ንብረት ክፍል ሞዴል 19 ይቆርጣል፤ "ጠርሙስ፣ ብዛት 1፣ በመልካም ሁኔታ ገቢ ሆኗል።" ቅጹ ላይ ሙቀት የሚሞላበት ቦታ የለም። ጠርሙሱ አልተሰበረም፣ ስለዚህ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ለሻጩ አቤት ለማለት ገቢ የሆነበት ወረቀት ራሱ ይመሰክርብናል።

ፍሪዘሩም ቢሆን ዕረፍት አይሰጥም። ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ እሑድ ሲነጋ ይመጣል፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ ተረኛ ነዳጅ አልተሰጠውም ነበር። ሰኞ ስንከፍት ሁሉም በረዶ ነው፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። አንቲቦዲ ደጋግሞ ሲቀልጥና ሲረጋ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ያ መጣበቅ በዓይን አይታይም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ፍሪዘሩ ውስጥ በኩባያ በረዶ አስቀምጠን ከላዩ ላይ ሳንቲም የምናኖረው። ሳንቲሙ በረዶው ውስጥ ሰምጦ ከተገኘ ሌሊት የሆነውን እናውቃለን። ምርምር የሚሠራ ተቋም፣ በሳንቲም ነው ሙቀቱን የሚከታተለው። ለተማሪዎቻችን ይህን ብልሃት ስናስተምር የሚሰማንን ሐዘን መደበቅ አልችልም።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ያውቃሉ። አሜሪካና አውሮፓ ላቦራቶሪ የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ለእረፍት ሲመጡ "ምን ላምጣላችሁ?" ይላሉ፤ ከራሳቸው ሥራ የተረፈ ትንሽ ትንሽ ያካፍሉናል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በዚያ የተመረቁ ተማሪዎች አሉ። ነገር ግን ያች ጠርሙስ ስታልቅ ሥራው ይቆማል፤ እንዲህ በምጽዋት የሚኖር ምርምር ረጅም ዕቅድ ሊይዝ አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1993 ብራሰልስ ያሉ ተመራማሪዎች ሬሞን ሃመርስና ባልደረቦቹ የግመል ደም ውስጥ ከተለመደው ያነሰ፣ ቀላሉ ሰንሰለት የሌለው አንቲቦዲ አገኙ። ከዚያ የተቆረጠችው ትንሽ ክፍል ሙቀት የምትችል፣ በባክቴሪያ የምትመረት፣ ቅደም ተከተሏ ከታወቀ ለዘላለም ያችው ሆና የምትቀጥል ናት። ጥንቸሏ ብትሞት የማይሞት አንቲቦዲ ማለት ይህ ነው። ከአፋር እስከ ሶማሌና ቦረና ግመል የሞላበት አገር ነን። ይህን ዕውቀት በራሳችን ቤት አሳድገን፣ ለራሳችን በሽታዎች የራሳችንን አንቲቦዲ ማምረት ሩቅ ሕልም አይደለም፤ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ማሳደጊያ፣ ዲኤንኤ ማንበቢያና ቋሚ በጀት ነው። ቋሚ በጀት የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ወሬው ይቀዘቅዛል።

እሺ፣ ያ ለወደፊት ይቆይ። ለዛሬ መፍትሔ ነበረን፤ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። የሞንትሪያሉ ቡድን ውጤቱን ሁሉ ያለክፍያ ለሕዝብ አውጥቶታል። የትኛው የካታሎግ ቁጥር እንደሠራ፣ የትኛው እንደወደቀ፣ ከነፎቶው ተቀምጧል። መፈተሽ ያልቻልን ሰዎች ሌላው ፈትሾ ያለፈውን መርጠን ማዘዝ እንችላለን። ተማሪው ቁጭ ብሎ ያገላብጣል፣ የሚሠራውን ያገኛል፣ ጥያቄ ቅጹ ላይ የካታሎግ ቁጥሩን አስተካክሎ ይጽፋል። ቅጹ ግዢ ክፍል ይገባል። ከዚያ ሲወጣ ቁጥሩ የለም።

የግዢ መመሪያው ምርቱን በኩባንያ ስም መጥራት አይወድም፤ ሲጠራም "ወይም አቻው" የሚል ይጨመርበታል። ለወንበር፣ ለወረቀት፣ ለኮምፒውተር ትክክል ነው፤ ለአንድ ነጋዴ እንዳያዳላ ተብሎ የተደነገገ ነው፣ ዓላማውንም አከብራለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። አቅራቢው ብዙ ጊዜ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ነው፤ ጓንትና መርፌ ከሚያስመጣበት መንገድ ላይ አንቲቦዲም ያስመጣል። የፕሮቲኑ ስም ከተመሳሰለ ለእሱ አቻ ነው። ኮሚቴው ፊት ቀርበን ለማስረዳት እንሞክራለን። "ዶክተር፣ ሁለቱም ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነው እኮ። ይኼኛው በግማሽ ዋጋ ቀርቧል። ነገ ኦዲተር መጥቶ ለምን ውዱን ገዛህ ቢለኝ ምን ልበለው?" ይሉናል። ሰውየው ክፉ አይደሉም። በእሳቸው ወንበር የተቀመጠ ሰው የሚፈራው እሱን ነው፤ ርካሹን ገዝቶ የተጠየቀ ሰው አላዩም፤ ውዱን ገዝቶ ደመወዙ የተያዘ ግን አይተዋል። ሁለት ጠብታ ርካሽ አንቲቦዲ የአንድ ተማሪ ሁለት ዓመት እንደሚያስከፍል የሚመዘግብ መዝገብ የለም። የተማሪው ጊዜ በየትኛውም የሒሳብ መደብ ላይ አይጻፍም።

ይህ ሁሉ ደግሞ የሚሆነው በዓመቱ መጨረሻ ነው። በጀቱ ዘግይቶ ይለቀቃል፤ ሰኔ 30 ላይ ያልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ያልታሰበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገዛል። አቅራቢው መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ያመጣል፤ ማለቂያው የተቃረበ ኪት፣ የማያስፈልገን ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ከጥንቸል ላዘዝነው ከአይጥ የሆነ። መመለስ አይቻልም፤ ከተመለሰ ገንዘቡ ወደ ካዝና ይገባል። እንረከባለን። ከዓመት በኋላ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቁሞ ያንኑ ዕቃ ጊዜው ያለፈበት ብሎ በቃለ ጉባኤ ይይዘዋል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለምርምር አንቲቦዲና ኪት የካታሎግ ቁጥሩ እንዳለ ይጽና፤ "አቻ" የሚል ቃል ከዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ ይነሳ፤ ኮሚቴው ውስጥ ላቦራቶሪ የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ መረከቢያው ቅጽ ላይ ዕቃው ሲደርስ የነበረው ሙቀትና የምርት ቁጥሩ የሚሞላበት አንድ መስመር ይጨመር። ኦዲተርም ሲመጣ ርካሹን ለምን ገዛችሁ ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ይኑረው። ይህን በደብዳቤ ጽፈናል። ደብዳቤው ገቢ ሆኗል፣ ተመርቶለታል፣ ማኅተም አርፎበታል። በቅርቡ የገባው ዕቃ ሲከፈት ያዘዝነው የካታሎግ ቁጥር አልነበረም፤ አቻው ነበር፤ ተማሪዋም የመመረቂያ ቀኗ ስለደረሰ በእሱው እየሠራች ነው።